ከሌላ ብገዛ ክሴ ይሞታል?

አዳማ ውስጥ ውል ተዋውሎ የሚያውቅ ሰው የመጨረሻዋን አንቀጽ አይረሳትም። «ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ለመንግሥት ይህን ያህል ብር፣ ውሉን ላከበረው ወገን ይህን ያህል ብር ገደብ ከፍሎ፣ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 2005 እና 1889 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው።» ራፖር ጸሐፊው በቃሉ ይላታል። ደላላውም በቃሉ ይላታል። 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው የሚለው ነው። 2005 የተፈረመ ጽሑፍ ማስረጃ ስለመሆኑ ነው። 1889 ደግሞ ገደቡን፣ ማለትም ውሉን ያፈረሰ እንዲከፍል አስቀድሞ የሚቆረጠውን ገንዘብ፣ ይመለከታል።

1802 የሚለውን ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አንድም ውል ግርጌ ላይ ተጽፎ አላየሁም። ውሉ ፈርሶ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ፣ ተበዳይ ሆኖ የሄደው ሰው የጠበቀውን ያህል ካሳ ሳያገኝ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚች ቁጥር ምክንያት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሷ ላውራ።

ሐሳቧ ቀላል ነው። ውል ፈረሰብኝ ብሎ ካሳ የሚጠይቅ ሰው፣ ሳይቸገርና ብዙ ሳያወጣ ጉዳቱን መቀነስ የሚችልበት መንገድ ካለው፣ ያን ማድረግ አለበት። ካላደረገ፣ ሊያስቀረው ይችል የነበረውን ጉዳት ከሌላው ወገን አያገኝም። በደሉ በደል ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ከበደሉ በኋላ እጅ አጣጥፎ ተቀምጦ የሚቆለለው ጉዳት ሁሉ የበዳዩ ዕዳ አይሆንም።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ባለጉዳይዋ እንዳይታወቁ ቁጥሩንና አንዳንድ ነገሩን ቀይሬዋለሁ።

አንዲት እናት ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ። ግቢያቸው ውስጥ ስድስት ሰርቪስ ክፍል ሠሩ፤ ለማከራየት ነው። ልስኑ አልቋል፣ የጂፕሰም ኮርኒሱም ገብቷል፤ የቀረው በርና መስኮት ብቻ ነበር። ሰኔ 2016 ላይ ከአንድ አልሙኒየም ሠሪ ጋር በ300,000 ብር ተዋዋሉ። 200,000 ቅድሚያ ከፈሉ። ሥራው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተገጥሞ እንዲያልቅ ነበር ውሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አልሙኒየም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ዋጋው በአንድ ቀን ነው የተነሳው። ሠሪው መጀመሪያ «ዕቃ የለም» አለ። ቀጥሎ «ጨምሩልኝ» አለ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ።

እሳቸው ጠበቁ። ነሐሴ ሙሉ ጠበቁ። ዝናቡ በባዶው መስኮት እየገባ ልስኑን አራሰው፣ ኮርኒሱ እየተላጠ ወረደ። መስከረም ሆነ፣ ጥር ሆነ፣ ሁለተኛ ክረምት መጣ። እኔ ጋ የመጡት መስከረም 2018 መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሉንና የባንክ ደረሰኙን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው። ወረቀቶቹ አንድም እጥፋት የላቸውም። አሥራ አራት ወር ሙሉ እንደ ታቦት ጠብቀዋቸዋል።

«እማማ፣ ለምን ከሌላ ሰው አላሠሩም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከሌላ ካሠራሁማ ትቸለታለሁ ማለት ነው። ክሴ ይሞትብኛል ብዬ ነው እንጂ!»

እንግዲህ ይሄ መልስ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ነጋዴው ይላታል፣ ኮንትራክተሩ ይላታል፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም ሰው ይላታል። ዕቃውን ከሌላ ከገዛሁ መብቴን ለቀቅኩ ማለት ነው፣ ክፍሉን ከዘጋሁት ጉዳቱ አይታይልኝም፣ የተበላሸውን ካጸዳሁት ማስረጃው ይጠፋል። ስለዚህ አልነካም፣ ዳኛው መጥቶ ይየው። እኔ በዚህ ከተማ ከሰማኋቸው የሕግ አሳቦች መካከል እንደዚች ሰውን ያከሰረች አላውቅም።

ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ቁጥር 1771 ውል ሲፈርስ ተበዳዩ ወይ ውሉ እንዲፈጸም፣ ወይ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የደረሰበት ጉዳት እንዲካስ ይጠይቃል ይላል። 1790ም ካሳው ከሁለቱም ጋር አብሮ እንደሚሄድ ይደግመዋል። ከሌላ መግዛት ካሳውን አያጠፋውም። እንዲያውም ካሳው ስንት እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው እሱ ነው። ፊት በ300,000 ተዋውለህ፣ አሁን በ390,000 ካሠራህ፣ ጉዳትህ 90,000 ብር ነው። ደረሰኝ አለህ። ማን ይከራከርሃል?

ሕጉ በሽያጭ ውል ላይማ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ቁጥር 2330 ላይ፣ ዕቃው በንግድ ልማድ ከሌላ ተገዝቶ የሚተካ ከሆነ፣ ወይም ገዢው ያለ ችግርና ያለ ብዙ ወጪ ከሌላ ሊገዛው የሚችል ከሆነ፣ ሻጩ በግድ እንዲያስረክብ መጠየቅ አይችልም ይላል። ሲሚንቶ ነው፣ ጤፍ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፤ ገበያ ላይ ሞልቷል። ሕጉ «ሂድና ግዛ፣ ልዩነቱን ጠይቅ» ነው የሚልህ።

አሁን የእናትየውን ሒሳብ እንሥራ።

እሳቸው ሊጠይቁ ያሰቡት ይሄን ነበር። የከፈሉት 200,000 ይመለስ። ዛሬ ያው ሥራ 520,000 ብር ደርሷል፣ ስለዚህ የዋጋ ልዩነት 220,000። ስድስት ክፍል በወር በ4,000 ብር ቢከራይ 24,000፣ የአሥራ አራት ወር 336,000። ኮርኒስና ልስን ማደሻ 85,000። በድምሩ 841,000 ብር።

ሌላው ወገን ደግሞ ጠበቃ ይዞ ሲመጣ እንዲህ ይላል። መስከረም 2017 ላይ ከሌላ ሰው በ390,000 ማሠራት ይቻል ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ክፍሎቹ ይከራዩ ነበር። ስለዚህ የሦስት ወር ኪራይ፣ 72,000። የዋጋ ልዩነት 90,000። ኮርኒሱን በተመለከተ፣ 6,000 ብር የማይሞላ ሸራ መስኮቱ ላይ ቢወጠር አንድ ጠብታ አይገባም ነበር፤ የሸራውን 6,000 እከፍላለሁ። ከ200,000ው ጋር 368,000 ብር።

ልዩነቱ 473,000 ብር ነው። ይሄ ሁሉ ገንዘብ የተንጠለጠለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። እሳቸው ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያየው። ለእሳቸው ያንን የሌላውን ወገን ክርክር ሳስረዳቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ገንዘቤ እኮ እሱ ጋ ነው። በምን ልግዛ?» አሉኝ።

ትልቅ ጥያቄ ነው። ሰውየው 200,000 ብራቸውን ይዞ ተቀምጧል። እሳቸው እጅ የቀረው 100,000 ነው። በምን ሒሳብ ነው 390,000 የሚከፍሉት? ተበድረው? ወርቃቸውን ሸጠው? ሕጉ ይሄን አይጠይቅም። የ1802 ቁልፍ ቃል ያለችው እዚህ ነው፤ ሳይቸገርና ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርገው የሚችለውን ነው የሚለው። የበደለህን ሰው ዕዳ ለማቃለል ብለህ አራጣ ተበደር፣ ቤትህን አስይዝ የሚል ነገር የለውም። አንድ ዳኛ የሰውን አቅም ሳያይ «ለምን አልገዛሽም» ቢል፣ በእኔ እምነት ሕጉን አላነበበውም።

እንግሊዞች በዚች ጉዳይ ሰባ ዓመት ፈጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1933 አንድ የመርከብ ግጭት ጉዳይ ላይ የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤታቸው እሱ ነበር)፣ ተበዳዩ ገንዘብ ስለሌለው የጨመረበትን ጉዳት በዳዩ አይከፍልም አለ። ሊዝቦሽ የምትባል የባሕር ወለል መቆፈሪያ መርከብ ነበረች፤ ባለቤቶቿ ምትክ ለመግዛት አቅም አጥተው በውድ ተከራዩ፤ ያን ተጨማሪ ወጪ አላገኙም። በ2003 ግን ያው ምክር ቤት መንገዱን ቀየረ። መኪናው የተገጨበት ሰው ገንዘብ ስላልነበረው በዱቤ፣ በውድ ነው ሌላ መኪና የተከራየው፤ ድህነቱ የእሱ ጥፋት አይደለም ተብሎ ሙሉውን አገኘ። የእኛ ሕግ ቃሉን ከመጀመሪያውም ስለጻፈው ሰባ ዓመት መጠበቅ አያስፈልገንም ነበር።

ግን አቅም የለኝም ማለትም ልክ አለው። እናትየው 390,000 አልነበራቸውም፤ ልክ ነው። 6,000 ብር ግን ነበራቸው። ሸራው የአቅም ጥያቄ አይደለም። ለዚህ ነው ስለ ኮርኒሱ 85,000 ብር ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ ቁርጡን የነገርኳቸው። ከዚያ ሌላ 100,000 ነበራቸው። መስከረም 2017 ላይ አንድ ክፍል በ65,000 ያልቅ ነበር። አንዷ ክፍል ብትከራይ በወር 4,000 ታስገባለች። ስድስቱንም ማድረግ ባይችሉ አንዷን ይችሉ ነበር። ስለዚህ የአንዷ ክፍል ኪራይ ከጥቅምት በኋላ ያለው ላይ ይቆረጥባቸው ይሆናል፤ የአምስቱ ግን «ገንዘቤ እሱ ጋ ነበር» ተብሎ በደንብ መከራከር ይቻላል። መልሱ 841,000ም አይደለም፣ 368,000ም አይደለም። መሃል ላይ ነው ያለው፤ መሃሉን የሚወስነው ደግሞ በወቅቱ ምን እንዳደረጉና ምን ማድረግ እንደማይችሉ የሚያሳይ ወረቀት ነው። የባንክ ሒሳብ መግለጫ ያን ጊዜ እጃቸው ላይ ስንት እንደነበረ ይናገራል።

ስለ ጥቅም መቅረት አንድ ነገር ልጨምር። 1799 የካሳን ልክ ሲነግረን፣ አንድ አስተዋይ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ውል መፍረስ በተለምዶ ይመጣል ብሎ የሚገምተውን ጉዳት ነው የሚለው። 1801 ደግሞ፣ ከተለመደው የበለጠ ጉዳት የሚደርስብህ በተለየ ሁኔታ ምክንያት ከሆነ፣ ያን ሁኔታ ስትዋዋል ነግረኸው መሆን አለበት ይላል። ካልነገርከው፣ ሆን ብሎ ሊጎዳህ ወይም በከባድ ጥፋት ካልሆነ በስተቀር የተለመደውን ብቻ ነው የሚከፍልህ። ይህም ከእንግሊዝ አገር የወፍጮ ቤት ጉዳይ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1854 ግሎስተር ያለ ወፍጮ ዘንጉ ተሰበረ፤ አጓጓዡ ዘንጉን አዘግይቶ አደረሰ፤ ወፍጮው ቆመ። ባለቤቶቹ የቀረባቸውን ትርፍ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ፣ ዘንጉ ከሌለ ወፍጮው እንደሚቆም አጓጓዡ በምን ያውቃል ብሎ አልሰጣቸውም። ስለዚህ ውል ስትጽፉ «ክፍሎቹ ለኪራይ የተዘጋጁ መሆናቸውን ሠሪው ያውቃል» የምትል አንድ መስመር ብትገባ ምን አላት? የማንም ጸሐፊ እጅ አትሰብርም። የእናትየው ውል ላይ ግን የለችም። ደግነቱ ስድስት ተመሳሳይ ሰርቪስ ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ ያየ ሰው ለኪራይ መሆናቸውን አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል።

ወደ ሠሪው እንምጣ። እሱም የሚለው አለው። «ዶላር ጨመረ፤ እኔ ምን ላድርግ?» ችግሩ እውነተኛ ነው። በዚያ ሰሞን ስንት ሠራተኛ ያለው ባለሙያ ከስሮ ሱቁን እንደዘጋ ሰምቻለሁ። ሕጉ ግን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው 1792 ላይ የተተረጎመው፣ ሊገመት የማይችልና መፈጸሙን ፍጹም የማያስችል ነገር ነው። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ደግሞ 1794 ላይ በስሙ ተጠርቶ ከአቅም በላይ አይደለም ተብሏል። ውድ መሆን ሌላ፣ የማይቻል መሆን ሌላ። እሱም ቢሆን መፈጸም እንዳቃተው ያወቀ ቀን ወዲያው ለእናትየው መናገር ነበረበት፤ ስልክ አለማንሳቱ በራሱ ጉዳቱን ያበዛው ነገር ነው። ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ፣ ግማሹን ጭማሪ እሳቸው ግማሹን እሱ ይዘው ይጨርሱት ነበር ብዬ ነው የማስበው። ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ?

ብዙ ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር አለ፤ ማስጠንቀቂያ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። 1772 ሌላውን ወገን በማስጠንቀቂያ ግዴታህን ፈጽም ሳትለው ውል አፍርሰሃል ልትለው አትችልም ይላል። ስለዚህ ሳያስጠነቅቁ ነገ ሄደው ከሌላ ቢገዙ፣ ሰውየው «ዕቃው ተዘጋጅቶልሽ ነበር፣ አንቺ ነሽ ጥለሽ የሄድሽው» ሊል ይችላል። ሁለቱ ሕጎች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አንዱ ጠብቅ፣ ሌላው ፍጠን። ግን አይጋጩም። 1774 ላይ ማስጠንቀቂያው ውስጥ ተገቢ የሆነ ቀን መቁረጥ ይቻላል፤ ያ ቀን ካለፈ አልቀበልም ማለት ይቻላል። ለአልሙኒየም በር አሥራ አምስት ቀን ተገቢ ይመስለኛል። ለቲማቲም ግን ሁለት ሰዓትም ብዙ ነው። 1775 ደግሞ ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ይቆጥራል፤ ለምሳሌ ሌላው ወገን አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ከነገረህ፣ ወይም ውሉ ላይ ቀኑ ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደ አፈረሰ ይቆጠራል ተብሎ ከተጻፈ። ሠሪው በቴሌግራም «በዚህ ዋጋ አልሠራም» ብሎ ጽፎ ከሆነ ያችን መልእክት አታጥፏት።

አጻጻፉ ደግሞ አያስጨንቅም። የጽሑፍ ጥያቄ ወይም ውሉ እንዲፈጸምልህ መፈለግህን በግልጽ የሚያሳይ ሌላ ድርጊት ይበቃል። እኔ ግን ሁሌም ወረቀት እመርጣለሁ፤ አንድ ገጽ፣ ቀን ያለው፣ በአደራ ደብዳቤ ከፖስታ ቤት የተላከ። የፖስታ ቤቱ ወረቀት የሚያወጣው ብር ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ቲማቲም ካነሳሁ አይቀር። ከመቂና ከቆቃ አካባቢ አዳማ የሚገባ አትክልት ብዙ ነው። አንድ ነጋዴ አይሱዙ ተከራይቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሳ ዳር ቀጠሮ ይይዛል። ሳጥኑ ተሞልቶ ተደርድሯል። መኪናው አይመጣም። ሾፌሩ ስልኩን አጥፍቷል። ነጋዴው ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ሌላ መኪና በ5,000 ብር ጭማሪ ደውሎ ማስመጣት፣ ወይም «ይበስብስና ይክፈለኝ» ማለት። የመጀመሪያውን ካደረገ 5,000ውን ይጠይቃል። ሁለተኛውን ካደረገ፣ አስፋልቱ ላይ ሌላ አይሱዙ እያለፈ እያየ የ200,000 ብር ቲማቲም ካስበሰበሰ፣ ያን 200,000 ፍርድ ቤት የሚሰጠው አይመስለኝም። በዚያ ሌሊት በዚያ መንገድ አንድም መኪና ካልተገኘ ግን ሌላ ነገር ነው። ደውሎ ማጣቱን የሚያሳየው ደግሞ የስልኩ የጥሪ ዝርዝር ነው።

የሱቅ ኪራይም እንዲሁ ነው። የአንድ ዓመት ውል ተፈርሞ ተከራዩ በአምስተኛው ወር ቁልፍ አስረክቦ ይወጣል። አከራዩ ሱቁን ቆልፎ የሰባት ወር ኪራይ ይከሳል። በሩ ላይ «የሚከራይ» ብሎ ያልለጠፈ፣ ለአንድ ደላላ እንኳ ያልነገረ አከራይ፣ ያን ሰባት ወር ሙሉ ማግኘት የለበትም። ከልቡ ተከራይ ፈልጎ በሦስተኛው ወር ያገኘ አከራይ ግን የሁለቱን ወርና የድለላውን ሒሳብ ያለ ብዙ ክርክር ሊያገኝ ይገባል። ያገኘውን ሁሉ መቀበል አለበት ማለቴ አይደለም፤ በግማሽ ዋጋ እንዲያከራይ ወይም ጎረቤቱን ለሚያስቀይም ሥራ እንዲሰጥ ማንም አያስገድደውም።

አንዳንድ ሰው ይሄን ሁሉ ሰምቶ፣ «ታዲያ ሕጉ ለበዳይ ነው የሚያደላው?» ይላል። ፈረንሳዮችም እንደዚያ ያስባሉ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የፈረንሳይ ሰበር ፍርድ ቤት፣ በአደጋ ከተጎዱ ሰዎች ጋር በተያያዘ የአንድ ዳቦ ቤት ጉዳይ ቀርቦለት፣ ተጎጂ ለበዳዩ ሲል ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ የለበትም ብሎ ወስኗል። የሚገርመኝ፣ የእኛን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከአገራቸው ሕግ የተለየውን ይሄን ግዴታ ግን እኛ ሕግ ውስጥ አስገቡት። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። በአንድ አገር ውስጥ መስኮት ጠፍቶ ስድስት ክፍል አሥራ አራት ወር ባዶ ቢቀመጥ፣ ቲማቲሙ ማሳ ዳር ቢበሰብስ፣ ማን ተጠቀመ? ተከራይ ቤት አጣ፣ ቲማቲሙ ገበያ አልደረሰም። ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ቢሻገር እንኳ የጠፋው ዕቃ አይመለስም።

በዚያ ላይ መጠበቅ በራሱ አያዋጣም። የገንዘብ ዕዳ ሲዘገይ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ ቁጥር 1751። 200,000 ብሩ ከዓመት በኋላ 218,000 ሆኖ ቢመለስ ያ አልሙኒየም ስንት ገባ? ሒሳቡን ከላይ አይተነዋል። የዳኝነት ክፍያም የሚሰላው በጠየቃችሁት ገንዘብ መጠን ነው፤ የማታገኙትን 400,000 ክሱ ውስጥ ስትከቱ ለእሱም ትከፍላላችሁ።

ሳልረሳው ስለ ቀብድ። ደረሰኝ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በ1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለ ደግሞ እጥፍ አድርጎ መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል። ዋጋ በሚጋልብበት ጊዜ ይሄ አደገኛ ነው። 10,000 ቀብድ የተቀበለ ሻጭ፣ ዕቃው በ100,000 ሲጨምር 20,000 ወርውሮላችሁ ይሄዳል። የሰጣችሁት የዋጋው ክፍል ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። ገደቡም እንደዚያው። በ1892 ገደብ ጉዳት ቢኖርም ባይኖርም ይከፈላል፤ ደግ ነገር ነው። ግን ውሉ ላይ 5,000 ብር ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሌላው ወገን ሆን ብሎ ወይም በከባድ ጥፋት ካልሆነ በስተቀር ከዚያ በላይ መጠየቅ ይከብዳችኋል። ጸሐፊው ከድሮ ውል ገልብጦ ያስገባትን ቁጥር ሳታዩ አትፈርሙ።

እናትየውን በመጨረሻ ምን አልኳቸው? መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፍን፤ አሥራ አምስት ቀን ሰጠነው። ሦስት ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ እንዲያሰባስቡ ላክኋቸው፤ የዛሬውን ዋጋ የሚናገረው እሱ ነው። የልጅ ልጃቸው ክፍሎቹን አንድ በአንድ፣ ኮርኒሱን ጭምር፣ ፎቶ አነሳች። የባንክ መግለጫቸውን አወጡ። ክሱ የሚቀርበው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ እሱንም አዘጋጀን። አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ፤ ሰውየው አልመጣም።

ከዚያ ያችን የቀረቻቸውን 100,000 ብር አውጥተው አንድ ክፍል እንዲያሠሩ ነገርኳቸው። በዛሬው ዋጋ 87,000 ፈጀች። ከቀረው ብር ላይ ለአምስቱ ክፍሎች ሸራ ገዙ። እየፈሩ ነው ያደረጉት፤ «እርግጠኛ ነህ ልጄ? አይሞትብኝም?» እያሉኝ። ባለፈው ሳምንት መጥተው የመስኮቱን ደረሰኝ ፌስታላቸው ውስጥ ከውሉ ጎን አስቀመጡት። ክፍሉን አንዲት ነርስ ተከራይታዋለች፤ በወር 4,500።